ፔዳሉን ከመክሰሳችሁ በፊት

ባለፈው ዓመት እዚሁ ሶዶ ከተማ ባለች አንዲት አጥቢያ፣ ቤዝ ጊታር የሚጫወት አንድ ወንድም ከአገልግሎት ቆመ። ጥፋቱን ብጠይቅ፣ «ዲስቶርሽን አስገባ» አሉኝ። አነጋገራቸው ጣዖት ያስገባ ያስመስለው ነበር። ነገሩ በአንድ መዳፍ የምትያዝ፣ በእግር የምትረገጥ የብረት ሣጥን ናት። ለሣጥኗ ሦስት የሽማግሌዎች ስብሰባ ተደረገላት፤ «የዓለም ድምፅ ነው» ተብሎ ተወሰነ። ልጁም ፔዳሉን ከጊታሩ ጋር ጠቅልሎ ሄደ። አሁን የሚቀመጠው ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነው።

ክሱን እንመርምረው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ናሽቪል ከተማ ማርቲ ሮቢንስ የተባለ ዘፋኝ ሙዚቃ ሲቀዳ፣ ግሬዲ ማርቲን ባለ ስድስት ክር ቤዝ ይጫወትለት ነበር። ድምፁ ያለፈበት የመቅጃው መስመር ተበላሽቶ ስለነበር ቤዙ ተሰነጣጥቆ ወጣ። ስንጥቁን ወደዱትና አልጣሉትም። ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ድምፅ ሆን ብሎ የሚያወጣ ማኤስትሮ ፈዝ ቶን የተባለ ፔዳል ለገበያ ቀረበ። እንግዲህ ይህ ፔዳል የተጀመረው በቤዝ ነው፤ ምክንያቱም የመሣሪያ ብልሽት ነው። ርኩስ መንፈስ የገባበትን በር ፈልጌ አጣሁ።

ደግሞስ ዲስቶርሽን ለአዳራሻችን መቼ አዲስ ሆነ? ሚክሰሩ ላይ ቀይዋ መብራት እየበራች፣ የሰባኪው ድምፅ እንደ ተቀደደ ከበሮ እየተንጣጣ ስንት ሰንበት ተቀምጠናል! የሚሆነው ነገር ያው ነው፦ የኤሌክትሪኩ ሞገድ ከመሣሪያው አቅም በላይ ሲሆን ጫፉ ይቆረጣል፤ ከተቆረጠው ጫፍ ቀድሞ ያልነበሩ ቀጫጭን ድምፆች ይወለዳሉ። በሚክሰሩ ሲመጣ «አሜን» የተባለለት፣ በፔዳል ሲመጣ ለምን ስብሰባ ይጠራበታል?

እናንተ ወጣቶች ገና አታጨብጭቡ። የሽማግሌዎቹ ፍርድ ተሳስቷል እንጂ ጆሯቸው አልተሳሳተም። እኔም በዚያ ሰንበት እዚያው ነበርኩ፤ የሰማሁት በቆርቆሮ ውስጥ የተዘጋ የንብ መንጋ ነው። ምክንያቱ አለው። ልጁ የገዛው ለሊድ ጊታር የተሠራ ፔዳል ነበር፤ አብዛኞቹ እነዚህ ወፍራሙን ድምፅ ቆርጠው መሐለኛውንና ቀጭኑን ያጎላሉ። የቤዝ ወፍራሙ ክር ደግሞ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ብቻ ነው የሚርገበገበው። እሱን ከቆረጥክበት ከቤዝ ምን ቀረ? በዚያ ላይ በብዙ አጥቢያዎቻችን የቤዝ አምፕሊፋየር የለም፤ ገመዱ በቀጥታ ሚክሰር ላይ ይሰካል። የጊታር አምፕሊፋየር ስፒከር ቀጭኑንና ሻካራውን ድምፅ በተፈጥሮው ያለዝበዋል። የአዳራሹ ስፒከር ግን ለንግግር ጥራት የተሠራ ቀጭን ድምፅ አውጪ ስላለው ሻካራውን ሁሉ ሳይምር ያወጣዋል፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ደግሞ ይደግመዋል።

«መዝሙር 150 ከበሮውንም ጸናጽሉንም ፈቅዷል» የሚል መልስ እየመጣ እንደሆነ አውቃለሁ። ፈቅዷል። የትኛውን ፔዳል እንደምትገዛ ግን አልነገረህም። ለምርጫው የሚቀርበው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ላይ ስለ ዋሽንትና ስለ ክራር ያነሳው ነገር ነው፤ ድምፃቸው ካልተለየ የሚጫወቱት ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? ቤዝ ሥራው ኖታውን ማስለየት ነው። ዘማሪው የሚቆምበት መሬት እሱ ነው።

ስለዚህ ስትገዙ መጀመሪያ የምትፈልጉት አንድ ማዞሪያ ነው፦ ንጹሑን ድምፅ ከተሰነጠቀው ጋር የሚያደባልቅ። በቦስ ኦዲቢ 3 ላይ «ባላንስ» ተብሎ ተጽፏል፤ በቴክ 21 ሳንስአምፕ ቤዝ ድራይቨር ላይ «ብሌንድ» ይባላል። ይህ ካለ ወፍራሙ ድምፅ ሳይነካ ከሥር ይሄዳል፣ ስንጥቁ ከላይ እንደ ቅመም ይነሰነሳል። ሁለተኛው ከላይ ላነሳሁት ገመድ ነው፤ ቤዝ ድራይቨሩ የአምፕሊፋየርን ድምፅ አስመስሎ በቀጥታ ወደ ሚክሰር የሚልክ መውጫ ስላለው ንቦቹን ዝም ያሰኛቸዋል። በዋጋው ግን የመዘምራኑን መዋጮ ሊጨርስ ይችላልና አስቡበት። ማዞሪያ የሌለውንና በቀለሙ ብቻ የተወደደውን ግን በነጻ ቢሰጧችሁም ተዉት።

እዚህ ላይ ሽማግሌዎቻችን ያልጠበቁትን ልናገር። ጥቂት ዲስቶርሽን ትንንሽ ስፒከር ላለው አዳራሽ ይጠቅማል። ትንሽ ስፒከር ያንን 41 አያወጣውም፤ ስንጥቁ የሚወልዳቸውን 82ን እና 123ን ግን ያወጣቸዋል፤ ጆሯችንም ከእነሱ ተነሥቶ የጎደለውን ወፍራም ድምፅ ራሱ ይሞላዋል። ከኋላ የተቀመጡ እናቶች ቤዙን የሚሰሙት ያኔ ነው።

ገደቡን የሚያበጅልን የራሳችን ዝማሬ ነው። ሚሲዮናውያኑ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በ1937 እ.ኤ.አ. ከወላይታ ሲወጡ ቀሪዎቹ አማኞች ጥቂት ነበሩ፤ ያለ ጊታር፣ ያለ ሚክሰር እየዘመሩ ሲመለሱ ያገኟቸው ግን በሺዎች ሆነው ነው። በወላይትኛ መዝሙራችን መሪው ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ሕዝቡ ሲቀበል እግርህን ከፔዳሉ አንሣ፤ በዚያ ሰዓት ከሕዝቡ ድምፅ በላይ መሰማት ያለበት ፔዳል አልተሠራም። መሪው ብቻውን ሲያወጣ፣ ወይም ዝማሬው ሊያልቅ ሲል ከፍ ስታደርጉት ደግሞ ማንም አይቆጣም፤ ብዙዎች እንዲያውም ምን እንደጨመራችሁ አያውቁም።

የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ ልመናዬ ትንሽ ናት። በመዘምራን ልምምድ ቀን አንዳችሁ ኑና ከኋላ ተቀመጡ። ሌላችሁ ማዞሪያውን በእጃችሁ ያዙ፤ ከንጹሑ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ኖታው መለየት ያቆመበት ላይ ስትደርሱ ትንሽ መልሱና ምልክት አድርጉበት። ማን ይጫወት እንዳትሉ፤ ልጁ የት እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ።