ስላስፈሩኝ አመሰግናለሁ፦ ለኃይሌ ገሪማ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ
ዋሽንግተን ዲሲ

ጋሽ ኃይሌ፣ የምጽፍልዎት ከትውልድ ከተማዎ ከጎንደር ነው። እርስዎን የሚያመሰግን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው ትግልዎን ነው፦ የጥቁር ሕዝብን ታሪክ፣ ዓድዋን፣ የሆሊውድን ደጅ አልጠናም ብለው የቆዩበትን ጽናት። ሁሉም ይገባዎታል። እኔ ግን ማመስገን የምፈልገው ሰው ብዙም ስለማያነሣው ነገር ነው። ስላስፈሩኝ ነው የማመሰግንዎ።

በእኔ የልጅነት ዘመን በዚህ ከተማ ፊልም ማለት ቪዲዮ ቤት ነበር። መስኮቱ በጨርቅ የተጋረደ ክፍል፣ ጀርባ የሌለው አግዳሚ፣ ቀን የህንድ ማታ የካራቴ። አንዳንዴ አስፈሪ ፊልም ይመጣል፤ ደም፣ መጋዝ፣ ከበር ኋላ ዘሎ የሚወጣ ጭራቅ። እንጮሃለን፣ እንስቃለን፣ እንወጣለን። ወደ ቤት ስንሄድ የሚከተለን ነገር አልነበረም። የእርስዎን ፊልም «ጤዛ»ን ያየሁ ዕለት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በፊልሙ ውስጥ ጭራቅ የለም። ያሉት አንድ እግሩን ያጣ ሰውና እናቱ ናቸው።

ሰውየው፣ አንበርብር፣ በ1990 እ.ኤ.አ. ጣና ዳር ወዳለችው መንደሩ ይመለሳል። እግሩን እንዴት እንዳጣ እሱም በወጉ አያስታውስም፣ እኛም አናውቅም። ሌሊት በቅዠት እየጮኸ ይነሣል። የሚመጣበት ምስል የተቆራረጠ ነው፤ የጀርመን የተማሪነት ዘመን፣ የአዲስ አበባ ስብሰባ፣ የሚሮጥ ሰው፣ ደም፣ እንደገና የመንደሩ ጨለማ። ምልሰት ሲመጣ «ከዓመታት በፊት» የሚል ጽሑፍ አላስቀመጡልንም። እንደ እሱ እኛም የት እንዳለን ሳናውቅ እንባንናለን። ያ ግራ መጋባት ሆን ተብሎ የተሠራ መሆኑ የገባኝ ፊልሙ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ነው። ጓደኛው ተስፋዬ አብዮተኞች ነን በሚሉ ሰዎች እጅ መገደሉን፣ እሱ ራሱ ዳግም ጀርመን ሄዶ ዘረኞች በመስኮት እንደወረወሩት ስናይ፣ ያ ሁሉ የተበታተነ ምስል ቦታ ቦታውን ይይዛል። ሰውየው ሲያብድ አላየንም። አእምሮው ያየውን ለመሸከም ሲታገል ነው ያየነው።

የጠበሉ ነገር ደግሞ አለ። እናቱ ልጄን ምን ያዘብኝ ብላ ታስጠምቀዋለች። በእኛ አገር ጠበል ያልሄደ፣ ወይም ጠበል ላይ የሚጮህ ሰው ድምፅ ያልሰማ ማን አለ? ዛሩ፣ ቡዳው፣ መተቱ የሚለፈልፍበትን ያን ድምፅ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ሌላ አዘጋጅ ቢሆን ይህን ትዕይንት ወይ የኋላ ቀርነት ማሳያ፣ ወይ የተአምር ማስረጃ ያደርገው ነበር። እርስዎ የእናቲቱን እምነት ሳያዋርዱ፣ የልጁንም ሕመም ለጋኔን አሳልፈው ሳይሰጡ አሳዩን። አንበርብርን የያዘው ነገር ስም አለው፤ ግን ለፍልፎ የሚወጣ አይደለም።

በቀን የሚመጣውስ? ወታደሮች ልጆችን ለጦርነት ያፍሳሉ፤ ልጆቹ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ፤ እናቶች እህል ይዘው ተደብቀው ይሄዳሉ። ሐይቁ ከጀርባ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ያን የመሰለ ውብ አገር እንዲህ የሚያስፈራ ሆኖ አይቼ አላውቅም፤ ውበቱን ያልቀነሱት ለዚህ ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ ለእኔ ለምን እንደከበደኝ ልንገርዎ። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በጎንደር የሆነውን የወላጆቻችን ትውልድ ያውቀዋል፤ ሲተርከው ግን አይሰማም። አባቴ ማታ እራት ላይ መኪና ደጃፋችን አካባቢ ሲቆም ንግግሩን ያቋርጥ ነበር። የያዘው ጉርሻ ከእጁ ሳይወርድ፣ ወደ አፉም ሳይደርስ፣ መኪናው እስኪያልፍ ይጠብቃል። ከዚያ ንግግሩን ካቆመበት ይቀጥላል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅነውም፣ እሱም አልነገረንም። «ጤዛ»ን ሳይ ያ እጅ ታየኝ። አንድ ሰው የደረሰበትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ መናገር የማይችልበት ምክንያት እንዳለ፣ ፊልምም ያንን ሰው ካከበረ በተራ ሊናገርለት እንደማይገባ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ሰዎች «ጤዛ ያደክማል፣ ይዘበራረቃል» ሲሉ እሰማለሁ። በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል በ2008 እ.ኤ.አ. የዳኞች ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት ማግኘቱን፣ በቀጣዩ ዓመት በዋጋዱጉው የፌስፓኮ ፌስቲቫል የወርቅ ፈረሱን መውሰዱን እየነገርኩ ልከራከራቸው እችል ነበር። ሽልማት ግን ለደከመው ተመልካች መልስ አይሆንም። እኔ የምላቸው ይህን ነው፦ የሚዘበራረቀው እኛው ጋ ያለው ነገር ነው፤ ፊልሙ አልዋሸንም። ከፊልም አዘጋጆቹ ከበርግማን «ፐርሶና»ና ከታርኮቭስኪ «መስታወት» ጋር አብሮ ሊጠራ የሚገባው ለዚህ ነው። እነርሱም የሰውን የውስጥ ፍርሃት በፊት ገጽታና በዝምታ የሠሩ ናቸው። ልዩነቱ የእርስዎ ሰው የሚቃዠው በአማርኛ መሆኑ ነው፤ ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህ መንገድ በ«ጤዛ» አልተጀመረም። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት በ1974 እ.ኤ.አ. በክረምቱ ዕረፍትዎ፣ ሁለት ሳምንት በሚሆን ጊዜ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ሙያቸው ትወና ካልሆነ ሰዎች ጋር ቀረጹት። ከሁለት ሰዓት በላይ የሚሄድ፣ የማይቸኩል ፊልም ነው። እዚያ ውስጥ ያለ አንድ ሕልም ከብዙ የአስፈሪ ፊልም ስብስብ ይበልጥብኛል፦ የጭሰኞቹ ልጅ እናትና አባቷ ቀንበር ተጭኖባቸው፣ ባለርስቱ ከኋላ ሆኖ ሲያርስባቸው ታያለች። ምንም የካሜራ ተንኮል የለበትም። እንጨት፣ አፈርና ሁለት የጎበጡ ወላጆች ብቻ። ልጅቷ በቀን የምታየውና በሌሊት የምታየው የሚለያዩት በአንድ ቀንበር ነው። እብድ የሚሉት ከበበ ደግሞ፣ መሬቱን ተቀምቶ በየመንገዱ የሚለፈልፈው፣ በፊልሙ ውስጥ እውነቱን ሁሉ የሚናገር ሰው እሱ ነው።

«ሳንኮፋ» ላይ ብዙ አልቆይም፣ ዓለም አይቶታልና። የፊልሙ ባለታሪክ ሞና በጋና የኬፕ ኮስት ግንብ ምድር ቤት ወርዳ በጨለማው ውስጥ በሰንሰለት የታሰሩትን ሰዎች ዐይን የምታይበትን ቦታ ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። የሙታን መንፈስ በፊልም እንዴት እንደሚመጣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የማሳየው ያንን ነው። ዝም ብለው ያያሉ፤ ያ ይበቃል።

ይህን ዐይን ከየት እንዳመጡት ስገምት፣ ከዚሁ ከተማ ይመስለኛል። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ካሉት የመላእክት ፊቶች ከሥራቸው ለቆመ ሕፃን ትልልቅ ዐይኖቻቸው ብቻ ናቸው የሚታዩት፤ ወደ የትኛውም ጥግ ቢሸሽ ያገኙታል። ግድግዳው ላይ ደግሞ ዲያብሎስ በእሳቱ መካከል አለ። አባትዎ ገሪማ ታፈረም «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉ፣ ቴአትር የሚያዘጋጁ ሰው ነበሩ፤ ተረትና ተውኔት ቤትዎ ነበር። ሆኖም በልጅነትዎ ከጓደኞችዎ ጋር ሲኒማ አይታችሁ ከተራሮቻችን ላይ ካውቦይ ሆናችሁ ትጫወቱ እንደነበር፣ ለቀይ ህንዶቹም እንዳልወገናችሁ ራስዎ ተናግረዋል። በ1967 እ.ኤ.አ. ቴአትር ለመማር ቺካጎ የሄደው ያ ልጅ፣ ከዚያም በሎስ አንጀለስ ፊልም ተምሮ የእናቶቻችንን ሌሊት መቅረጹ ነው የሚደንቀኝ።

አንድ ልመና አለኝ። የአሜሪካው የፊልም አካዳሚ ሙዚየም በ2021 እ.ኤ.አ. ሲያከብርዎ ደስ ብሎን ነበር። ፊልሞችዎ ግን እዚህ ተወልዶ እዚህ ላደገ ወጣት በቀላሉ አይገኙም። ካሜራ የያዙ ልጆች ሞልተዋል፤ በደባርቅና በዳባት ሰርግ የሚቀርጹ፣ በሊማሊሞ መንገድ ላይ ጉሙ ከገደሉ ሥር ሲወጣ ቀርጸው በስልክ የሚለቁ አሉ። ጉሙን ለውበቱ ይቀርጹታል። ጉሙ ውስጥ ምን እንዳለ፣ እናቶቻቸው በዚያ መንገድ ማንን ሸኝተው ማንን እንዳልተቀበሉ የሚጠይቅ ፊልም እንዲሠሩ ግን ከፊታቸው ምሳሌ ያስፈልጋቸዋል። ፈቃድዎ ሆኖ «ጤዛ»ና «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በጎንደር በትልቅ ስክሪን የሚታዩበትን መንገድ ቢያመቻቹልን፣ አዳራሹን መፈለግና ሰው መጥራት የእኛ ድርሻ ይሁን።

ይህን ደብዳቤ ለምታነቡ የከተማዬ ሰዎችም፦ ያ ቀን ከመጣ ብቻችሁን አትምጡ። ያን ዘመን ያዩ አባትና እናቶቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ፊልሙ ሲያልቅም ለመነሣት አታጣድፏቸው።



አክባሪዎ፣
ከጎንደር