ዋጋው የማግኒዚየሙ ነው ወይስ «ሆርሞን» የሚለው ቃል?

የአዲስ አበባን መድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ለሚቃኝ ሰው ማግኒዚየም እንግዳ ሸቀጥ አይደለም። በኪኒን፣ በእንክብልና በዱቄት መልክ ተዘጋጅቶ በአስመጪዎች በኩል ይገባል። ከዱባይና ከዋሽንግተን በሚመጡ መንገደኞች ሻንጣም ይገባል። በቴሌግራም ቻናሎችም ይቸረቸራል። ማዕድኑ ያው አንድ ሆኖ ሳለ በአንዱ ዕቃ ላይ «ማግኒዚየም» ተብሎ ብቻ ይጻፋል፤ በሌላው ላይ ግን «ለሴቶች የሆርሞን ሚዛን» የሚል ይታከልበታል። ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። ሻጩ ስለ ልዩነቱ አያብራራም፤ ገዢዋም አትጠይቅም።

ለአንድ ዓይነት ሸቀጥ ሁለት ዋጋ ሲወጣለት ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ አንደኛው በጥራቱና በማምረቻ ወጪው የተሻለ ነው፣ ወይም ደግሞ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው አያውቅም። የማግኒዚየም ገበያ ሲመረመር ሚዛኑ የሚያጋድለው ወደ ሁለተኛው ነው። ሴቲቱ ከማዕድኑ ይልቅ የምትከፍለው ለቃሉ ነው፤ በዚህ ላይ የተመሠረተ ንግድ ደግሞ ለነጋዴውም ቢሆን ዘለቄታ የለውም።

ማዕድኑ ብርቅ አይደለም

ማግኒዚየም ከባሕር ውኃ፣ ከጨዋማ ሐይቆችና ከድንጋይ የሚገኝ፣ በዓለም ላይ በብዛት ያለ ማዕድን ነው። በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ 25 ግራም ያህል ሲገኝ፣ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው አጥንት ውስጥ ነው። ከ300 በላይ በሚሆኑ የሰውነት ኬሚካዊ ሂደቶች ውስጥ ስለሚሳተፍ አስፈላጊነቱ አያከራክርም። በአሜሪካ መመዘኛ ለአዋቂ ሴት በቀን የሚመከረው መጠን ከ310 እስከ 320 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ለነፍሰ ጡር ከዚህ በመጠኑ ከፍ ይላል።

ይህን መጠን ለማግኘት የግድ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም። በ100 ግራም የጤፍ እህል ውስጥ 180 ሚሊ ግራም ገደማ ማግኒዚየም ይገኛል። በቀን 150 ግራም የጤፍ ዱቄት የሚገባበት እንጀራ የምትበላ ሴት ከዚሁ ብቻ 270 ሚሊ ግራም ያህል ገበታዋ ላይ አለ ማለት ነው። ሽሮው፣ ባቄላው፣ ጎመኑና የዱባ ፍሬው ገና አልተቆጠሩም። እርግጥ ነው፣ በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ማዕድኑ በሙሉ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል፤ ሊጡ ሲቦካ ግን ይህ ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ከጤፍ ወደ ነጭ ዳቦ፣ ወደ ፓስታና ወደ ሩዝ ያዘነበለ የከተማ ገበታ በአንጻሩ ማግኒዚየሙ ያነሰ ነው። ስለዚህ እጥረት በከተማ የለም ማለት አይቻልም። እጥረት ሁሉ በውድ ዕቃ ይሞላል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ምርምሩ ምን ይላል?

ለሻጮች ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ወሬው ከባዶ አልተነሣም። እ.ኤ.አ. በ1991 በጣሊያን ከወር አበባ በፊት የስሜት መለዋወጥ የሚያስቸግራቸው 32 ሴቶች የተካፈሉበት ጥናት ታትሞ፣ ማግኒዚየም የወሰዱት እንደተሻላቸው አመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ 38 ሴቶች በቀን 200 ሚሊ ግራም ወስደው፣ በመጀመሪያው ወር ለውጥ ባይታይም በሁለተኛው ወር የሰውነት ማበጥና የጡት ሕመም ቀንሷል። እነዚህ ተስፋ የሚሰጡ ውጤቶች ናቸው። ነገር ግን የተሳታፊዎቹ ቁጥር የአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ተማሪዎችን ያህል ነው።

ትንሽ ጥናት ትልቅ ተስፋ ሲያመጣ ምን ሊከተል እንደሚችል የሚያሳየው የማረጥ ሙቀት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ 29 የጡት ካንሰር ታካሚዎች የገቡበት ሙከራ ማግኒዚየም በማረጥ ጊዜ የሚመጣውን ድንገተኛ ሙቀት ይቀንሳል የሚል ውጤት አወጣ። በዚያ ሙከራ ግን ማነጻጸሪያ የሚሆን፣ መድኃኒትነት የሌለው ኪኒን የወሰደ ቡድን አልነበረም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ 289 ሴቶች በዕጣ ተመድበው ማግኒዚየምና ባዶ ኪኒን ሲነጻጸሩ በሙቀቱ ላይ በመካከላቸው ልዩነት አልተገኘም። ማግኒዚየም በወሰዱት ዘንድ በዝቶ የታየው ተቅማጥ ነው። ይሁንና «የማረጥን ሙቀት ያበርዳል» የሚለው ማስታወቂያ የመጀመሪያውን ውጤት ይዞ ዛሬም ይዞራል፤ የሁለተኛው ወሬ ገበያ አልደረሰም።

የወር አበባ ቁርጠትን በተመለከተም፣ ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ግምገማ፣ የትኛውም ሰፕልመንት ይሠራል ለማለት የሚያስችል ከፍተኛ ጥራት ያለው ማስረጃ አላገኘም። ከሁሉ በላይ መስተዋል ያለበት፣ ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች የለኩት ሕመምን፣ እብጠትን፣ ስሜትንና ሙቀትን መሆኑ ነው። «የሆርሞን ሚዛን» የሚባል ነገር ተለክቶ ተስተካከለ የተባለበት ውጤት ከመካከላቸው የለም።

ቃሉ ከየት መጣ?

እዚህ ላይ የንግዱን ዓለም የሚያስተምር አንድ የሕግ ጉዳይ አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ደንብ ቁጥር 432 መሠረት፣ በምግብና በሰፕልመንት ላይ ሊጻፉ የሚችሉ የጤና መግለጫዎች አንድ በአንድ ተዘርዝረዋል። ለማግኒዚየም የተፈቀዱት ድካምን መቀነስ፣ የጡንቻና የነርቭ ሥራን ማገዝ፣ አጥንትና ጥርስን መጠበቅና የመሳሰሉት ናቸው። ሆርሞን የሚለው ቃል በማግኒዚየም ስም አልተፈቀደም። የተፈቀደው ለቫይታሚን ቢ6 ነው።

ስለዚህ «ሆርሞን» ብሎ መጻፍ የሚፈልግ አምራች የሚያደርገው ቀላል ነው። ማግኒዚየሙ ውስጥ ጥቂት ቢ6 ይጨምርበታል። ደንቡ የሚጠይቀው ከቀን ፍጆታ 15 በመቶ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ከአንድ ሚሊ ግራም ሩብ ያነሰ ቢ6 ቃሉን ያስገኝለታል። ከዚያ በኋላ ማግኒዚየም በትልቁ፣ ሆርሞን በትልቁ፣ ቢ6 በትንሹ ይጻፋል። ሕግ አልተጣሰም፤ ገዢዋ ግን ሁለቱን ትልልቅ ቃላት አገናኝታ ታነባለች።

በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የሰፕልመንት ሕግ አምራቾች ምርታቸው እንደሚሠራ ለመንግሥት ሳያረጋግጡ እንዲሸጡ ፈቅዷል። በሽታ ያድናል ማለት ክልክል ነው፤ «ያግዛል»፣ «ይደግፋል» ማለት ግን ይቻላል። እንዲህ ያለ መግለጫ የያዘ ዕቃ፣ አባባሉ በመንግሥት እንዳልተመረመረ የሚገልጽ ማስታወሻም አብሮ መያዝ ይኖርበታል። ይህ ማስታወሻ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ በመሆኑ መርካቶ ሲደርስ የሚያነበው የለም። «ይደግፋል» የሚለውም በቴሌግራም ሲተረጎም «ያድናል» ይሆናል።

ማስታወቂያ የሌለው ማግኒዚየም

ለሴቶች ሕይወት ጠቃሚነቱ ያላንዳች ጥርጥር የተረጋገጠ የማግኒዚየም ዓይነት አለ። እሱም ማግኒዚየም ሰልፌት የሚባለው፣ በሆስፒታል በመርፌ የሚሰጠው ነው። በእርግዝና ጊዜ ከደም ግፊት ጋር ተያይዞ የሚመጣውንና እናትን የሚያንቀጠቅጠውን ኤክላምፕሲያ የተባለ አደገኛ ሕመም ለመከላከልና ለማከም ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በወጣውና በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶች በተካፈሉበት ጥናት፣ የመንቀጥቀጥ አደጋውን ከግማሽ በላይ መቀነሱ ተረጋግጧል። በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም ይገኛል።

ይህ መድኃኒት ርካሽ ነው። ያሸበረቀ ማሸጊያ የለውም፤ የሚያስተዋውቀው ታዋቂ ሰውም የለም። በቤት የሚወሰድ ሳይሆን የሐኪም ክትትል የሚጠይቅ በመሆኑ ከኪኒኑ ጋር አንድ ተደርጎ መታየት የለበትም። ንጽጽሩ ግን ለገበያ ሰው ብዙ ይናገራል። 10,000 ሴቶች የመሰከሩለት ማግኒዚየም ብዙ ትርፍ አይገኝበትም፤ 32 ሴቶች የመሰከሩለት ትርፉ ከፍ ያለ ነው። ዋጋ ማስረጃን ተከትሎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በተገላቢጦሽ በሆነ ነበር።

ሂሳቡ

ገዢዋ ራሷን የምትከላከልበት አንድ ቀላል ስሌት አለ። በዕቃው ፊት ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር አንዳንድ ጊዜ ማግኒዚየሙ ከተጣበቀበት ነገር ጋር ያለው ጠቅላላ ክብደት ነው። ማግኒዚየም ኦክሳይድ በክብደቱ 60 በመቶ ያህል ማግኒዚየም ሲሆን፣ ሲትሬት 16 በመቶ፣ ግላይሲኔት 14 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ «1,000 ሚሊ ግራም ግላይሲኔት» ማለት 140 ሚሊ ግራም ማግኒዚየም ማለት ነው።

ለምሳሌ ያህል 3,000 ብር የሚያወጣና 60 ኪኒን የያዘ ዕቃ አለ እንበል። በቀን ሁለት ኪኒን ተወስዶ የሚገኘው ንጹሕ ማግኒዚየም 140 ሚሊ ግራም ከሆነ፣ በ30 ቀን 4,200 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ 100 ሚሊ ግራሙ ከ71 ብር በላይ ወጣ ማለት ነው። 90 ኪኒን የያዘ፣ እያንዳንዱ 200 ሚሊ ግራም ንጹሕ ማግኒዚየም ያለው ሌላ ዕቃ 1,500 ብር ቢሸጥ፣ 100 ሚሊ ግራሙ 8 ብር ከ30 ሳንቲም ገደማ ነው። ሻጩ «ርካሹ ኦክሳይድ ነው፤ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም» ይል ይሆናል። በከፊል እውነት አለው፤ ኦክሳይድ ከሲትሬት ያነሰ ይመጠጣል። የርካሹ ጥቅም በግማሽ ቢቀነስ እንኳ ውዱ ከአራት እጥፍ በላይ እንደተወደደ ይቀራል።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉ የሚታወስ ነው። ከዚያ ወዲህ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ይህ ስሌት ሊደረግለት የሚገባ ሆኗል።

ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም

«ባይጠቅምም አይጎዳም» የሚለው የሻጮች መልስ ግማሽ እውነት ነው። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን ማግኒዚየም ያስወጣል፤ የኩላሊት ሕመም ያለባት ሴት ግን በደሟ ውስጥ ሊከማችባት ይችላል። ማግኒዚየም የአንዳንድ ፀረ ተሕዋስያንንና የታይሮይድ መድኃኒትን መመጠጥ ስለሚያውክ በሰዓታት ልዩነት መወሰድ አለበት። በአሜሪካ መመዘኛ ከሰፕልመንት ብቻ በቀን ከ350 ሚሊ ግራም በላይ መውሰድ አይመከርም። አብሮ የሚጨመረው ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ነርቭን ይጎዳል።

ትልቁ ዋጋ ግን ጊዜ ነው። የወር አበባዋ የበዛባት፣ የተዛባባት ወይም የቀረባት ሴት ችግሯ የማህፀን ዕጢ፣ የታይሮይድ ሕመም ወይም የደም ማነስ ሊሆን ይችላል። «ሆርሞን ነው፤ ይስተካከላል» ተብላ በየወሩ አንድ ዕቃ እየገዛች ስድስት ወር ብትቆይ፣ የከሰረችው 18,000 ብር ብቻ አይደለም።

ነጋዴው ምን ያገኛል?

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው፣ በኋላም በ2001 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ በሆነው ጽሑፉ ያሳየው ነገር አለ። ገዢ መልካሙን ከመጥፎው መለየት ባልቻለበት ገበያ መጥፎው መልካሙን እያስወጣ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ገበያው ራሱ ይጠፋል። የእርሱ ምሳሌ ያገለገሉ መኪኖች ነበሩ። በደላላ አፍ መኪና ገዝቶ ጋራዥ የከረመ የአዲስ አበባ ሰው ትምህርቱን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ሰፕልመንትም ከዚህ የተለየ አይደለም። አንዴ የተታለለች ሴት ለእህቷና ለጎረቤቷ የምትነግረው ስለ አንዱ ሻጭ ብቻ ሳይሆን ስለ ሸቀጡ በሙሉ ነው።

ምግብና መድኃኒትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቁጥጥሩን ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሰጥቷል። በሻንጣ የሚገባው ግን በዚህ በር አያልፍም። ሕጋዊው አስመጪ ከሻንጣው ነጋዴ ጋር በዋጋ ተወዳድሮ ማሸነፍ ይቸግረዋል፤ በእምነት ግን ሊበልጠው ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። በዕቃው ላይ በአማርኛ የሚለጠፈው ወረቀት ንጹሕ የማግኒዚየሙን መጠን ይግለጽ፤ ለማን እንደማይሆን ይናገር፤ ባልተረጋገጠ ቦታ «ሆርሞን» የሚለው ቃል ይቅር።

እንዲህ ያደረገ ነጋዴ በመጀመሪያው ወር ሽያጩ ሊቀንስ ይችላል። እጥረት ያለባት፣ ለረጅም ጊዜ የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ወይም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የምትወስድና ሐኪሟ ያዘዘላት ሴት ግን የምትሄደው ወደ እርሱ ነው። ማግኒዚየም በማግኒዚየምነቱ የሚሸጥበት ቦታ አለው፤ ዋጋውም የማግኒዚየም ዋጋ መሆን ይገባዋል።