«ዓለም እኛ ነን» ሲባል «እኛ» ማን ነው?

አንባቢ ሆይ፤ በእንግሊዝኛ «ዊ አር ዘ ወርልድ» የሚባለውን ዘፈን በራዲዮም ሆነ በትምህርት ቤት አዳራሽ ሳትሰማው አትቀርም። ትርጓሜውም «ዓለም እኛ ነን» ማለት ነው። ዜማው ደስ ያሰኝሃል፤ ነገር ግን ስለ ረኃባችን የተዘፈነ መሆኑን ስታስብ አንገትህን ትደፋ ይሆናል። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የኮረምን ረኃብተኞች ለዓለም አሳየ። በአሜሪካ ዝነኛው ዘፋኝ ሃሪ ቤላፎንቴ አርቲስቶች ተባብረው እንዲረዱ ሐሳብ አቀረበ፤ ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺም ዘፈኑን ደረሱት። ጥር 20 ቀን ማታ ከ40 የሚበልጡ ዘፋኞች በሎስ አንጀለስ ተሰብስበው እስኪነጋ ድረስ ሲቀርጹ አደሩ። ሥራውን የመራው ኩዊንሲ ጆንስ፣ ማንም ሰው ኩራቱን በር ላይ ትቶ እንዲገባ የሚያሳስብ ጽሑፍ ለጥፎ ነበር። በዚያች ሌሊት ሁለት ኢትዮጵያውያት ገብተው ምስጋናቸውን ቢያቀርቡ ከዘፋኞቹ መካከል ያለቀሱ ነበሩ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል ያገራችን ሰው። ዘፈኑ ከ60 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ አስገኘ። በምዕራባውያን የስቅለት ዓርብም በብዙ አገሮች የሚገኙ በሺህ የሚቈጠሩ የራዲዮ ጣቢያዎች በአንድ ሰዓት አሰሙት። በእኛ አቈጣጠር ዕለቱ መጋቢት 27 ነበረ፤ ይኸውም ቤተ ክርስቲያናችን ጥንተ ስቅለትን የምታስብበት ቀን ነው።

ታዲያ ዘፈኑ ዘመን የተሻገረው ስለ ምንድን ነው? በግጥሙ ውስጥ ኢትዮጵያም ሆነች ረኃብ በስም አልተጠሩም። ስለዚህ በ2002 ዓ.ም. ሃይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትጐዳ እንደገና ሊዘፈን ቻለ። ከሁሉ በላይ ግን «እኛ» የምትለው ቃል ሰጪውንና ተቀባዩን አትለይም።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ከጎንደር ተነሥቶ በአይከል በኩል ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ ነው። በዚያው በ1977 ዓ.ም. ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ሱዳንም ተቀበለቻቸው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ እኛ መጡ። የትናንቱ እንግዳ የዛሬ ባለቤት ሆነ።

እንግዲህ ዘፈኑን ስትሰማ አትፈር። ተርቦ የተረዳ ሰው ነውር የለበትም፤ ነውሩ ጠግቦ የመርሳት ነው። ተማሪ ብትሆን ከሩቅ መጥቶ ለመማር የሚቸገረውን ጓደኛህን አስበው። የመንግሥት ሠራተኛ ብትሆን ደግሞ ከገጠር በእግሩ የመጣው ባለጉዳይ ደጅ ሲጠና እንዳይውል ኩራትህን በቢሮው በር ላይ ትተህ ግባ። ተስፋ ማለት ከዜማው በኋላ የሚሠራው ሥራ ነውና።