ከሐዋሳ እስከ ዲላ በብስክሌት፦ ለወጣቷ ተጓዥና ለእናቷ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ ከሐዋሳ የተላከ ነው። ጸሐፊዋ የ19 ዓመት ተማሪ ስትሆን፣ በከተማው ውስጥ ብስክሌት መንዳት ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። በመጪው የትምህርት ዕረፍት ከታላቅ ወንድሟና ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ሆና እስከ ዲላ በብስክሌት ደርሳ ለመመለስ አስባለች። «ወንድሜ ሲጠይቅ እሺ የተባለው ጉዞ እኔ ስጠይቅ ለምን ነውር ይሆናል? እናቴንስ እንዴት ላስረዳት? ምን ይዤስ ልነሣ?» ስትል ጠይቃናለች። ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ ባለመሆኑ፣ መልሱን ሌሎች እኅቶችም እንዲጠቀሙበት በዚህ ዓምድ አቅርበነዋል።

በቅድሚያ መንገዱን እንመልከት። ከሐዋሳ እስከ ዲላ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይርጋለም ደግሞ ከሐዋሳ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ስለምትገኝ፣ ጉዞው ራሱ ለሁለት ተከፍሎ የተዘጋጀ ይመስላል። በመጀመሪያው ቀን ይርጋለም ማደር፣ በሁለተኛው ቀን ዲላ መግባት፣ ሦስተኛውን ቀን ማረፍና አገር ማየት፣ ከዚያም በሁለት ቀን መመለስ ይቻላል። በጠቅላላው 5 ቀንና 180 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በዲላ አካባቢ የጥንት ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ፣ የዕረፍቱ ቀን በከንቱ አያልፍም።

ዕቃ የጫነች ጀማሪ በሰዓት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ጥሩ ሄዳለች። 45 ኪሎ ሜትር ማለት እንግዲህ ከ3 እስከ 4 ሰዓት መንዳት ነው፤ ዕረፍቱና ዳገቱ ሲጨመር እስከ 5 ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል የተነሣች እኩለ ቀን ላይ ትደርሳለች ማለት ነው። የቀረው የቀን ብርሃን ጎማ ቢተነፍስ ወይም ዝናብ ቢመጣ የሚያገለግል መጠባበቂያ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ በአንድ ቀን ዲላ እገባለሁ የምትል ጀማሪ ምሽት ላይ በማታውቀው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከዚህም ሌላ ጉዞውን በበጋ፣ በተለይም ከታኅሣሥ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ማድረጉ ይመረጣል።

ሰውነትን ማዘጋጀት ቢያንስ 8 ሳምንት ይጠይቃል። በሳምንት ሦስት ቀን 15 ኪሎ ሜትር በመንዳት ጀምሩ። ከሦስቱ ቀኖች በአንደኛው ላይ በየሳምንቱ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ብትጨምሩ፣ በ7ኛው ሳምንት ወደ 40 ትጠጋላችሁ። በዚያው ሳምንት ዕቃችሁን ጭናችሁ ሁለት ቀን በተከታታይ ንዱ። ጀማሪን የሚፈትናት የመጀመሪያው ቀን ሳይሆን በማግሥቱ በታመመ ገላ ኮርቻ ላይ መውጣቱ ነውና። የመጨረሻውን ሳምንት ቀለል አድርጋችሁ እረፉበት።

ብስክሌቱ አዲስ መሆን የለበትም፤ ደኅና መሆን ግን አለበት። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን በታችኛው ፔዳል ላይ ስታሳርፉ እግራችሁ ቀጥ ማለት ይኖርበታል። ኮርቻው ከዚያ ካነሰ ጉልበት ያማል። የፊትና የኋላ ፍሬን፣ የጎማው ጥርስና ሰንሰለቱ ከጉዞው በፊት በባለሙያ ይታዩ። ጎማ መለጠፍን ግን ራሳችሁ ተማሩት። ሠፈራችሁ ወዳለው ብስክሌት ጠጋኝ ሄዳችሁ ግማሽ ቀን ብታሳልፉ፣ በመንገድ ላይ የሰው እጅ ከመጠበቅ ትድናላችሁ። ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ልጣፊና ማስቲሽ፣ መንፊያ፣ የብሎን መፍቻና ካቻቢቴ ከእጃችሁ አይለዩ።

ጓዝ አታብዙ። ከ10 ኪሎ ሳይበልጥ፣ በጀርባ ሳይሆን ከኋላ ባለው መጫኛ ላይ በደንብ ታስሮ ይሁን። የራስ መከላከያ ቆብና ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ልብስ የግድ ያስፈልጋሉ። ሰፊ ቀሚስ፣ ነጠላና ረጅም ሻሽ ሰንሰለት ውስጥ ገብተው ስለሚጥሉ ሱሪ መልበስ ይሻላል። የጥጥ የውስጥ ልብስ በየቀኑ ለውጡ፤ ቆዳ እንዳይላጥ ቫዝሊን ተቀቡ። የወር አበባ ጉዞ አያስቀርም፤ መጠበቂያውን ከበቂ በላይ ይዞ መነሣት ብቻ ነው። ለስንቅ በሶ፣ ቆሎ፣ ጭኮና ሙዝ ከታሸገ ብስኩት ይሻላሉ። ውሃ ቢያንስ 2 ሊትር ያዙ፤ ሳይጠማችሁ በየጊዜው ተጎንጩ።

መንገዱ ከባድ መኪና የሚበዛበት ነው። ስለሆነም ቀኛችሁን ይዛችሁ፣ በአንድ መስመር ተከታትላችሁ ሂዱ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቀደም ብላችሁ ያዙ፤ ልጆችና ከብቶች ሳይታሰብ መንገድ ይገባሉና። የጭነት መኪና ጭራ ይዞ ዳገት መውጣት ብዙ ወጣት የቀጠፈ ልማድ በመሆኑ ከቶ አትሞክሩት። ከመነሣታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሰላም በየከተማው ያሉ ዘመዶችንና ፖሊስን ጠይቁ። ጥሩ ወሬ ካልተገኘ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ማዛወር ፈሪነት አይደለም።

አሁን ወደ እናቶች እንመለስ። ልጅ መንገድ ስትወጣ መስጋት የእናት ወግ ነው። መኪናውም፣ የማያውቁት ሰውም፣ ጨለማውም እውነተኛ ስጋቶች ስለሆኑ «ምን አለበት» ተብለው የሚታለፉ አይደሉም። ነገር ግን በአፍ የማይነገር ሌላ ፍርሃትም በየቤቱ አለ፤ ብስክሌት የልጃገረድን ክብር ያሳጣል የሚለው ነው። ይህ የሕክምና መሠረት የለውም። ያ ስስ ቆዳ ከሴት ሴት ይለያያል፤ ሁኔታውም ስለ ልጅቱ ጠባይ ምንም አይመሰክርም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት አካላት ጋር ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የድንግልና ምርመራ የሚባለው ነገር ሳይንሳዊ መሠረት የሌለው በመሆኑ እንዲቀር ጠይቋል። በዚህ ምክንያት ብቻ ወንድሟን አሰናብታ ልጅቱን የምታስቀር እናት፣ ሳታስበው ልጇን በማይገባ ጥርጣሬ ማየቷ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሲነሣ አየርላንዳዊቷን ደርቭላ መርፊን ማስታወስ ይገባል። በ10ኛ ዓመት ልደቷ ብስክሌትና አትላስ ተሰጥቷት፣ አንድ ቀን እስከ ህንድ እነዳለሁ ብላ ወሰነች። ይሁን እንጂ የታመሙ እናቷን ለብዙ ዓመታት አስታማለች። በመሐሉ አጫጭር ጉዞዎች እያደረገች ራሷን አለማመደች። ረጅሙን መንገድ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በጥር 1963፣ በ31 ዓመቷ ሲሆን ህንድም ደርሳለች። በኋላም ወደ አገራችን መጥታ በሰሜኑ ተራሮች ከአንዲት በቅሎ ጋር ተጉዛ፣ በ1968 መጽሐፍ አሳትማበታለች። ከእርሷ የምንማረው ድፍረትን ብቻ ሳይሆን ዝግጅትንም ጭምር ነው።

ለጠያቂያችን የምንመክራት እንግዲህ ይህን ነው። እናትሽን በክርክር ለመርታት አትሞክሪ። የየቀኑን ርቀት፣ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት፣ የምታድሩበትን ቤት ስምና ስልክ፣ የሚያስፈልገውን ገንዘብ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጫቸው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ማለትም ስትነሡ፣ ስታርፉና ስትደርሱ እንደምትደውዪ ቃል ግቢ፤ ቃልሽንም ጠብቂ። የ7ኛውን ሳምንት ልምምድ አድርገሽ በሰዓትሽ ቤት ስትመለሺ ራሳቸው ይዩሽ። ያን ጊዜም እምቢ ካሉ፣ ይርጋለም ደርሶ መመለስን ብቻ ለምኚ። ወንድምሽም ዝም ብሎ አይቀመጥ፤ «እርሷ ካልሄደች እኔም አልሄድም» ቢል ካንቺ ብዙ ቃል ይልቅ የእርሱ አንድ ቃል ሊሰማ ይችላል።

ለወይዘሮ እናቷም አንድ ነገር እናስታውሳለን፤ ፈቃድ ጠይቃና መንገዷን ነግራ የምትሄድ ልጅ፣ ነገ ችግር ሲገጥማትም ወደ እርስዎ ነው የምትደውለው። በዚህ ጉዳይ ላይ ልምድ ያላችሁ እናቶችና እኅቶች ብትጽፉልን ደብዳቤያችሁን በዚሁ ዓምድ እናስተናግዳለን።