አሮጌ መኪና ጠዋት ጠዋት ይጠየቃል

እኛ የድንበር ነጋዴዎች ገንዘብ ሦስት ጊዜ እንቆጥራለን፤ የሞተር ዘይት ግን መብራቱ ካልበራ አናይም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ጊዜ በዕቁብ ገንዘብ የገዛሁትን ቲማቲም ከሐዋሳ ጭኜ ስወርድ፣ ሜጋን እንዳለፍኩ የሙቀት መለኪያው ወደ ላይ ወጣ። «ሞያሌ ቅርብ ነው» ብዬ ነዳሁ። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጠለ፤ ቲማቲሙም መንገድ ላይ በሰበሰ። ለካ ከራዲያተሩ ቱቦ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ነበር።

«መካኒክ አለኝ» የሚል አይጠፋም። ሞተር መፍታት የእሱ ሥራ ነው፤ መንገድ ላይ ግን አብሯችሁ የለም። ስለዚህ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ አምስት ደቂቃ ስጡት። የዘይት መለኪያውን አውጡ፣ ጥረጉ፣ መልሳችሁ ክተቱና እንደገና አውጥታችሁ እዩ፤ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ይሁን። ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና አትነሱ። ቺንጋው ተሰነጣጥቆ እንደሆነም እዩ። ራዲያተሩ ውስጥ ከመንገድ ዳር የተቀዳ ውሃ ሳይሆን ኩላንት ጨምሩ፤ ጨዋማ ውሃ ዝገትና ቅርፊት ይሠራል። ክዳኑን ግን በትኩሱ አትክፈቱ፤ እንፋሎቱ ፊት ይልጣል።

የአንድ ጀሪካን ኩላንት ዋጋ ከአንድ መኪና ጭነት ጋር አወዳድሩት። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለቤት ብቻ አይደለም።