ከፍራሽ ሥር ያለው ደብተር

በቅኔ ቤት አጠገብ ያለፈ ሰው አንድ ነገር ሳያይ አይቀርም። ተማሪው ደበሎውን ተከናንቦ፣ ከጓደኞቹ ርቆ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከቋጥኝ ጥግ ተቀምጦ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ብቻውን ይቈዝማል። ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ ሐዘን የደረሰበት ይመስለዋል። ተማሪው ግን ቅኔ እየቈጠረ ነው።

ይህ ልጅ ወደ ቅኔ ቤት ከመምጣቱ አስቀድሞ ብዙ ተምሯል፤ ፊደል ቈጥሯል፤ ዳዊት ደግሟል። እስከዚያ ድረስ ግን የተጠየቀው ሌሎች የደረሱትን አጥንቶ እንዲይዝ ነበር። በቅኔ ቤት ግሡንና አገባቡን ከተማረ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን እንዲያመጣ ይታዘዛል። የሚጀምረውም በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ከዚያም ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ይደርሳል። አንድ ጊዜ የተሰማ ቅኔ አይደገምምና ሁልጊዜ አዲስ ማምጣት አለበት።

እንግዲህ የድርሰት ፍቅር በልጅ ልብ የሚያድረው መቼ ነው? በእኔ አስተያየት ብቻውን በቈዘመበት ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ያችን ሁለት ቤት ይዞ ከመምህሩ ፊት በቆመበት ሰዓት ነው። መምህሩ ጆሮውን ሰጥቶ ይሰማዋል፤ ቤቱ ባይመታ ያቃናለታል፤ ሰሙና ወርቁ ባይስማማ ያርምለታል። የታረመለት ልጅ ድካሙ ከቁም ነገር እንደ ተቈጠረለት ያውቃልና በማግሥቱ እንደ ገና ወደ ዛፉ ሥር ይሄዳል።

በጎጃም ጽላሎ የታወቁት የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በልጅነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን ያጡ ነበሩ። በዚያ ዘመን የሴት ልጅ ቅኔ መማር እንግዳ ነገር ነበር፤ ነገር ግን የቅኔ መምህር የነበሩት አባታቸው ራሳቸው አስተማሯቸው። እርሳቸውም በተራቸው ብዙ ደቀ መዛሙርት አፈሩ። ሐዲስ ዓለማየሁም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ከማሳተማቸው ብዙ ዘመን አስቀድሞ በጎጃም የቅኔ ተማሪ ነበሩ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ በገዛ ቤቴ የሠራሁትን ስሕተት ልናገር። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ አንድ ማታ ደብተሯን ይዛ መጥታ፣ «አባባ፣ ተረት ጽፌአለሁ፤ ላንብብልዎ?» አለችኝ። እኔም ቀና ሳልል፣ «የሒሳብ ፈተና ደርሶብሽ የለም? አስቀድመሽ እርሱን አጥኚ» አልኋት። ደብተሯን አጥፋ ሄደች። አላለቀሰችምና የከፋት አልመሰለኝም። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ደብተሩን ከፍራሽ ሥር እንደምትደብቀው እናቷ ነገረችኝ።

ነገሩ ከነከነኝ። ልጅቱ የተወችው መጻፏን ሳይሆን ለእኔ ማሰማቷን ነበር። አንድ እሑድ ይቅርታ ጠይቄ እንድታነብልኝ ለመንኋት። እምቢ አለች። በሳምንቱ ደግሜ ስለምናት አመጣችው። ተረቱ ጠፍታ ስለ ተመለሰች ጥቁር ድመት ነበር። አንብባ ስትጨርስ ብዙ አላሞገስኋትም፤ «ድመቷ ስለ ምን ተመለሰች?» ብዬ ብቻ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም ብላ አሰበችና እርሳሷን ልትፈልግ ወጣች። በማግሥቱ ምክንያቱ ተጽፎ ቀረበልኝ።

ወላጆች ሆይ፤ ከልጆቻችን ሁሉ ደራሲ ይወጣል ማለቴ አይደለም፤ ሒሳቡም ይቅር አልልም። ነገር ግን ልጅ ደብተሩን ይዞ ሲመጣ የያዝነውን ሥራ ጥቂት አኑረን እንደ ቅኔው መምህር እንስማው። አንዲት ነገር እናርምለት፤ ወይም አንዲት ጥያቄ እንጠይቀው፤ ከዚያም ነገ አዲስ እንዲያመጣልን እንንገረው።