የመታጠቢያ ቤት መብራት፤ ከውበቱ በፊት ውሃው ይታሰብ

አዲስ ቤት ሲሠራ ወይም አሮጌው ሲታደስ በቤተሰቡ መካከል ብዙ ምክር የሚደረገው ስለ ሳሎኑ መብራት ነው። መታጠቢያ ቤቱ ግን ከሌላው ክፍል የተረፈ አምፖልና ከሌላው ሥራ የተረፈ ሽቦ ይደርሰዋል። ይህ ልማድ መቅረት ይኖርበታል። እርጥብ እጅና ባዶ እግር ከኤሌክትሪክ ጋር በየቀኑ የሚቀራረቡበት ክፍል ይኸው ነውና።

በአርባ ምንጭ ከተማ፣ በሲቀላም ሆነ በሴቻ፣ ከዋናው ቤት ተለይተው በግቢው ጥግ በቆርቆሮ የተሠሩ መታጠቢያ ቤቶች ጥቂት አይደሉም። መብራት የሚገባላቸውም ብዙውን ጊዜ ከሳሎን ሶኬት በተሳበ ሽቦ ነው። ሽቦው ቆርቆሮውን በስቶ በሚያልፍበት ቦታ፣ ነፋስ ባነቃነቀው ቁጥር ስለታሙ ጠርዝ የላስቲክ ልባሱን ይፍቀዋል፤ የቆላው ፀሐይም ላስቲኩን አድርቆ ይሰነጣጥቀዋል። አንድ ቀን መዳቡ ቆርቆሮውን ሲነካ ግድግዳው በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል። አምፖሉ እንደ ወትሮው ስለሚበራ ማንም አይጠረጥርም። የልብስ ማስጫው የብረት ሽቦ አንድ ጫፉ በዚያው ግድግዳ ላይ ታስሮ እንደሆነ ደግሞ አደጋው የሚያገኘው ውጭ ቆማ እርጥብ ልብስ የምታሰጣውን እናት ወይም ልጅ ነው።

እናቶች ሆይ፣ «ቆርቆሮው ትንሽ ነዘረኝ» የሚል ልጅ ቢኖር እንደ ጨዋታ አትስሙት። በደረቅ ወራት ነዘር ብቻ የነበረው፣ የሚያዝያ ዝናብ ምድሩን ሲያርሰው ገዳይ ሊሆን ይችላል። ወዲያውኑ በቆጣሪው ዘንድ ያለውን ብሬከር አጥፉና ባለሙያ እስኪያየው ድረስ እንደጠፋ ተዉት። የልብስ ማስጫውን ግን ባለሙያ ሳትጠብቁ፣ ኃይሉ እንደተቋረጠ፣ ከቆርቆሮው ፈትታችሁ በእንጨት ምሰሶ ላይ እሰሩት። ከብረቱ ሽቦ የናይለን ገመድ ይሻላል።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በመጣ ጊዜ «እሱ ያውቃል» ብሎ ወደ ማጀት መመለስ አይበቃም፤ ቁሙና ጠይቁት። ሽቦው ግድግዳውን የሚያልፈው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይሁን። ማብሪያ ማጥፊያው ከበሩ ውጭ ይተከል። ከሶኬት የሚሳበው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክር ብቻ ስለሆነ፣ ሦስተኛው የግራውንድ ሽቦ እንዲጨመርና ቆርቆሮውም ከእርሱ ጋር እንዲያያዝ ንገሩት። ከሁሉ በላይ ግን በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠውን መከላከያ ጠይቁ። ተራው ብሬከር የሚቆርጠው 10 ወይም 16 አምፔር ሲያልፍ ነው፤ ሰውን የሚገድለው ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ይህኛው ኃይሉ ወደ ምድር መሾለክ ሲጀምር ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያቋርጠዋል። ዋጋው ከአምፖል ይበልጣል፤ ቢሆንም የሚያምረውን የመብራት ጌጥ ትታችሁ እርሱን ብትገዙ እንመርጣለን።

ወደ አምፖሉ እንመለስ። በካርቶኑ ላይ አይ.ፒ. ከሚለው ቀጥሎ ሁለት ቁጥሮች ይጻፋሉ፤ ሁለተኛው ውሃ የመከላከል አቅሙን ያመለክታል። አይ.ፒ. 44 የሚረጭ ውሃን ይችላል፤ ከሻወሩ አጠገብ ለሚገጠም አይ.ፒ. 65 ይሻላል። 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በጨንቻ ሰው በፈላ ውሃ ስለሚታጠብ እንፋሎቱ ክፍት በሆነ ሶኬት ውስጥ ጤዛ ይሆናል፤ ስለዚህ በዚያ ደጋ ክዳን ያለው መብራት ግድ ነው። በአርባ ምንጭ ደግሞ ችግሩ ሙቀትና ነፍሳት ነው። 9 ዋት ኤል.ኢ.ዲ. የድሮውን የ60 ዋት አምፖል ያህል እያበራ ሙቀቱ ጥቂት ነው። ነጭ ሰማያዊው ብርሃን ነፍሳትን አብዝቶ ይጠራልና 3,000 ኬልቪን ወይም ከዚያ በታች የተጻፈበትን ቢጫማውን ምረጡ።

መስተዋት ካላችሁ መብራቱን ከራስ በላይ ብቻ አታድርጉት፤ ከዓይን ሥርና ከአገጭ በታች ጥላ ይጥላል። ግራና ቀኝ በፊት ቁመት ቢገጠም ፊት እኩል ይታያል።

መብራት በጠፋ ምሽትስ? ሻማም ሆነ ኩራዝ በፕላስቲክ መጋረጃ አጠገብ አይቀመጥ። ቻርጅ የሚይዝ አምፖል በገበያ አለ፤ እርሱ ከሌለ የባትሪ መብራት በበሩ ውጭ በሚስማር ይንጠልጠል፣ ልጆቹ በጨለማ ዳብሰው በሚያገኙት ከፍታ።